እሳት አለ፣ ነፋስ የለም

ከምሽቱ አራት ሰዓት ሃርም ደወለልኝ፤
«እሳቱ ይነዳል፣ ቤቱ ግን ከዳኝ» አለኝ።
መፍቻዬን፣ መብራቴን፣ መለኪያዬን ያዝሁ፣
በጥር አመዳይ ላይ ቀስ እያልሁ ተጓዝሁ።

ሌሊስታድ ዝቅ ያለ ነው፣ ከባሕር ይወርዳል፤
ዓሣ በዋኘበት ሰው መኪና ይነዳል።
ግድቡ ላይ ነፋሱ እንደ ቀማኛ ቆሞ
መኪናዬን ናጣት ከጎን ደጋግሞ።
ያ ሁሉ ነፋስ ሜዳ ላይ ሲያፏጭ፣ ሲዞር፣
ሃርም ቤት ግን ጠፍቷል ለአንድ እፍታ የሚበቃ አየር።

በካፖርት፣ በኮፍያ በሩን ከፈተልኝ፤
«ዴምቤሩ፣ ጫማህን አታውልቅ» አለኝ።
ድንበሩ ነው ስሜ። ዐሥር ዓመት ነገርሁት፤
እኔም «ሃርም» ስለው ምናልባት ሳትሁት።

ሰማንያ አንድ ዓመቱ፤ ጡረታ ሳይወጣ
ፓምፕ ጣቢያ ነበረ፣ ባሕሩ እንዳይመጣ
ሌት ተቀን የሚገፋ። ሞተር ያውቃል፤ ግና
ጠራኝ፣ መፍቻ መያዝ እጁ እምቢ አለውና።

ከደረጃው ሥር የቆመ ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት፣
ራዲያተር በሌለው ቤት
አየር አሙቆ በወለሉ ወንፊት የሚልክ፣
ከቤቱ ጋር የተተከለ፣ ዕድሜው የኔ ዕድሜ ልክ።

ቴርሞስታቱን ጨመርሁ።
ቀጭ።
ጋዙ መጣ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ጥርሱን አሳየ።
ቆጠርን፦ ሠላሳ... ስድሳ... ዘጠና...
ብረቱ ጋለና
መቆጣጠሪያው ደንግጦ ጋዙን ዘጋ።
ደግሞ ቀዘቀዘ፤ ደግሞ ነደደ፤ ደግሞ ተዘጋ።
ሙቀት ሞልቶ ተርፎት፣ የሚያወጣለት ያጣ ደረት።

ሪሌው ነው ብዬ ማልሁ።
ግማሽ ሰዓት ከሽቦ ጋር ታገልሁ፤
ሪሌው ንጹሕ ነበር። ሃርም አልሳቀብኝም፤
«ፓምፕም እንዲሁ ነው» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ጆሯችንን ክዳኑ ላይ ጣልን።
እምምም... ይላል ሞተሩ፤ ሊነሣ ፈልጎ፣
ጉልበቱን ሰብስቦ፣ ወገቡን ሸብ አድርጎ፣
እዚያው የቀረ።
ኤሌክትሪኩን አጠፋሁ፣
መዘውሩን በጣቴ ገፋሁ፤
ያለ ቅሬታ ዞረ።

ሞተሩ አልሞተም። የሚያስነሣው ነው የሞተው፦
አውራ ጣት የምታህል ካፓሲተር፣ ሆዷ የተነፋ፣
ሥራዋ ሲነሣ መግፋት፣ ሲዞር መደገፍ የነበረ።
ቀሪ ጉልበቷን በመፍቻ አፈሰስሁ፤
የሞተ መስሎ የሚነክስ አይጠፋምና።

ግን ምን አደከማት? ማጣሪያውን ሳብሁ።
«ማጣሪያ አለው እንዴ?» አለ የፓምፑ ሰው።
አለው። ወፍራም፣ ግራጫ፣ ብርድ ልብስ የመሰለ፣
አየር የማያሳልፍ፤ ከአቧራው ይልቅ ጠጉር ያየለ።
ሃርም ዝም አለ።
ከጥግ፣ ከጋዜጣው ቅርጫት አጠገብ፣
ባዶ ሳህን አለ፤ «ቦውከ» የሚል ተጽፎበት፤
ዓምና በመከር ነው የሞተችበት።

ከመኪናዬ አንዲት አምስት ማይክሮፋራድ አመጣሁ፣
ሁለት ሽቦ ሰካሁ፣
ክዳኑን መለስሁ።
ቀጭ። ነደደ። ቆጠርን። ሰባ ላይ
ከወለሉ ወንፊት ትንፋሽ ተነሣ ወደ ላይ፤
መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣
አቧራ አቧራ፣ ከዚያም ውሻ ውሻ ያለ።
መጋረጃው ተንቀሳቀሰ።
ሃርም ወንፊቱ ላይ ቆመ፤ ካፖርቱ እንደ ሸራ ተነፋ።
ለማውለቅ አልቸኮለም።

አሮጌውን ማጣሪያ በጥቁር ፌስታል አሰርሁ፣
ደጅ ካለው ገንዳ ልጥለው ተነሣሁ።
«ተወው» አለኝ፣ ፌስታሉን ከእጄ እየወሰደ፤
«ቆሻሻ የሚነሣው ሐሙስ ነው። እኔ እጥለዋለሁ።»

ቀኑ ዓርብ ነበር።